ስድስት ቀን በስንቅ ማከማቻው

በዚህ እትማችን የአፕስሊ ቼሪ ጋራርድን ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ከደቡብ ዋልታ ተጓዦች ስማቸው የገነነው እነ ስኮትና አሙንድሰን ናቸው፤ ዘመቻውን እንደ ቼሪ አድርጎ የጻፈው ግን የለም ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቼሪ በ1886 በእንግሊዝ አገር ቤድፎርድ ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ታሪክ ተማረ። ካፒቴን ስኮት ለ1910ሩ ዘመቻ ሰው ሲመለምል አመለከተ፤ አልተቀበሉትም። እንኳንስ የበረዶ አገር ልምድ ሊኖረው፣ ያለ መነጽር ሩቅ አያይም ነበር። ሊሰጥ ያሰበውን 1000 ፓውንድ ግን ባይወስዱትም ሰጠ። ስኮት በዚህ ልቡ ተነክቶ የእንስሳት ተመራማሪ ረዳት አድርጎ ወሰደው።

በኬፕ ኢቫንስ ሠፈራቸው ክረምት ሲገባ ፀሐይ ለአራት ወር ያህል አትወጣም። በዚያ ጨለማ ቼሪ የሠፈሩን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ጓደኞቹ ስማቸውን ሳይገልጡ ይጽፋሉ፣ እሱ በታይፕ ይመታል፣ ዶክተር ዊልሰን ሥዕሉን ይሥላል። ቅጂው አንድ ብቻ! እኛ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ይኼ ነገር ሳያስቀናን አልቀረም።

ጁን 27 ቀን 1911 ዊልሰን፣ ባወርስና ቼሪ የፔንጉዊን እንቁላል ፍለጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ኬፕ ክሮዚየር ተነሡ። በዚያን ጊዜ በሽሉ እድገት ላይ አዕዋፍ በደረታቸው ከሚሳቡ እንስሳት መምጣታቸው ይታያል ተብሎ ይገመት ነበር። ፔንጉዊኑ ደግሞ የሚጥለው በክረምት ነው፤ ስለዚህ በጨለማ መሄድ ግድ ሆነ። ሁለቱን ጋሪ አንድ ላይ መጎተት ሲያቅታቸው አንዱን አድርሰው ለሌላው ይመለሳሉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመራመድ ሦስት ይሄዳሉ ማለት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደረሰ። የቼሪ ጥርስ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ተሰነጣጠቀ። እዚያ ሲደርሱ ማዕበል ድንኳናቸውን ነጠቀ፤ የድንጋይ መጠለያቸውንም ጣራ ገነጠለ። ድንኳኑን ከቁልቁለቱ ሥር ባያገኙት ኖሮ አንዳቸውም ባልተረፉ። ከአምስቱ እንቁላል ሦስቱን ይዘው በአምስተኛው ሳምንት ተመለሱ።

ቼሪ እንቁላሎቹን በ1913 ለንደን ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲያስረክብ፣ እንደሚተርከው፣ ደረሰኝ እስኪሰጡት ኮሪደር ላይ አስጠበቁት። በ1934 የወጣው ጥናትም ሽሎቹ ለእውቀት የጨመሩት ጥቂት ነው አለ።

የሕይወቱ ከባድ ሸክም ግን ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 1912 መጨረሻ ከውሻ ነጂው ዲሚትሪ ጋር ከዋልታ የሚመለሱትን እነ ስኮትን ሊቀበል ተላከ። አንድ ቶን ከሚባለው የስንቅ ማከማቻ ደርሶ ስድስት ቀን ጠበቀ። አብዛኛው ቀን ማዕበል ነበር፤ በማከማቻው የውሻ ቀለብ የለም፤ ውሾቹን ለአደጋ እንዳያጋልጥ ታዟል፤ አቅጣጫ በመቀመርም ልምድ አልነበረውም። ማርች 10 ተመለሰ። እነ ስኮት በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ከማከማቻው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሞቱ። ኖቬምበር 12 ድንኳኑን ካገኙት ፈላጊዎች አንዱ ቼሪ ነበር። በውስጡ ከስኮት ግራና ቀኝ የተኙት ዊልሰንና ባወርስ፣ እነዚያው የእንቁላሉ ጉዞ ጓደኞቹ ናቸው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በሕመም ከተመለሰ በኋላ መጻፉን ተያያዘው። የዘመቻው ኮሚቴ ይፋዊ ታሪክ እንዲያዘጋጅለት ፈልጎ ነበር፤ ቼሪ ግን በነፃነት ልጻፍ ብሎ ራሱን አገለለ። የራሱን ማስታወሻ ብቻ አልያዘም፤ የባወርስን ደብዳቤዎች፣ የላሽሊን የጉዞ ማስታወሻና የሌሎችንም ሰብስቦ አስተያየ። ጎረቤቱ የነበረው ደራሲ በርናርድ ሾው ምክሩን ለገሰው። በ1922 በዓለም እጅግ የከፋው ጉዞ በሚል ስም በሁለት ቅጽ አወጣው።

ስለ ስድስቱ ቀን ሲጽፍ የተሰጠውን ትእዛዝ፣ አየሩን፣ የቀለቡን መጠን በተርታ አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢ ተወ። እኛ ከመጽሐፉ ይበልጥ የምናከብረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ዝም ቢል ያን ያህል የሚጠይቀው አልነበረም። እሱ ግን አላረፈም። በጭንቀት ሕመም ሲሰቃይ ኖረ፤ መጽሐፉን ካሳተመ ሩብ ምእተ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ስለዚያው ጉዳይ ተጨማሪ ጽሑፍ ጻፈ። ሜይ 18 ቀን 1959 በ73 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። ሦስቱ እንቁላሎች ዛሬም በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።