የአረብ ብረትን ምስጢር የገለጠ ሰው፤ ዲሚትሪ ቼርኖቭ

ዲሚትሪ ቼርኖቭ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ. ም. በሩሲያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ የቴክኖሎጂ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1866 ዓ. ም. በኦቡኾቭ የአረብ ብረት ፋብሪካ ሥራ ያዘ።

በዚያ ዘመን ፋብሪካው ከሚሠራቸው መድፎች አንዳንዱ ጸንቶ ሲያገለግል፥ አንዳንዱ በተኵስ ጊዜ ይፈነዳ ነበር። ብረታቸው አንድ ዐይነት ስለ ነበረ ምክንያቱ ስውር ሆነ። ቼርኖቭ ግን ስባሪውን ቢመረምር የፈነዳው መድፍ ቅንጣቱ ሻካራ፥ የጸናው ደቃቅ ሆኖ አገኘው።

ከዚያም ከምድጃው አጠገብ ቆሞ የጋለውን ብረት ቀለም በዐይኑ እየተከታተለ ሁለት የሙቀት ወሰኖች መኖራቸውን ተረዳ። ብረቱ የመጀመሪያውን ወሰን ሳያልፍ ቢቀር፥ ምንም ያህል ቶሎ ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም። ሁለተኛውን ሲያልፍ ግን ሻካራው ቅንጣት ጠፍቶ ደቃቅ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከመጠን ቢያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይሻክራል። ይህንን በ1868 ዓ. ም. ለሩሲያ የቴክኒክ ማኅበር አስረዳ።

ኋላም በመድፈኞች አካዳሚ መምህር ሆኖ፥ በ1921 ዓ. ም. በያልታ ከተማ ዐረፈ። ዛሬ ሙቀቱ የሚለካው በመሣሪያ ነው፤ ወሰኖቹ ግን እርሱ ያመለከታቸው ናቸው።

ሥራ ሲበላሽ ዕቃውን ከመውቀስ አስቀድሞ አሠራሩን መመርመር እንዲገባ ሕይወቱ ለወጣቶች ያስተምራል።