ጄምስ ሆልማን፦ በበትሩ ድምፅ ዓለምን የዞረው ዓይነ ስውር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ጣሊያን ውስጥ የሚገኘውን የቬሱቪየስን እሳተ ገሞራ ወጣ። ጄምስ ሆልማን ይባላል፤ የረገጠውን ትኩስ ምድር ግን አያየውም ነበር።

ሆልማን በ1786 በኤግዚተር ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ አባት ተወለደ። በ12 ዓመቱ የብሪታኒያን ባሕር ኃይል ተቀላቅሎ በ1807 መኮንን ሆነ። ብዙም ሳይቆይ መገጣጠሚያዎቹን የሚያሰቃይ ሕመም ያዘው። ሕመሙ ወደ ዓይኑ ተዛመተና በ25 ዓመቱ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ።

በዚያ ዘመን ዓይነ ስውር ድሃ ከሆነ ለልመና ይወጣል፤ የሚጦረው ካገኘ ደግሞ ቤት ይውላል። ሆልማን ጧሪ አገኘ። በ1812 በዊንድዘር ማደሪያና ድጎማ ተሰጠው፤ ግዴታው በቀን ሁለት ጊዜ በጸሎት ሥርዓት ላይ መገኘት ነበር። ለሌላው ዕረፍት የሆነው ኑሮ ለእሱ ግዞት ሆነበት። ተቀምጦ ሲውል ሕመሙ ይበረታ፣ ሲጓዝ ይሻለው ስለነበር፣ የጤና ምክንያት እያቀረበ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ።

በ1819 ፈረንሳይኛ ሳያውቅ ብቻውን ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ዋና መሣሪያው ጫፉ ብረት የለበሰ በትር ነበር። የዛሬው ረጅም ነጭ በትር መንገዱን እየዳሰሰ ይመራል፤ የሆልማን በትር ግን ይበልጥ የሚያገለግለው ለጆሮ ነበር። ብረቱ ድንጋዩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ግድግዳው የቱ ጋ እንደሆነ፣ መንገዱ የት እንደሚከፈት ይነግረዋል። ሠረገላ ላይ መቀመጥ ሲሰለቸው ደግሞ ከሠረገላው ጋር የታሰረ ገመድ ይዞ በእግሩ ይከተል ነበር።

ሌላው መሣሪያው ኖክቶግራፍ ነው። በክፈፉ ላይ በአግድም የተወጠሩት ሽቦዎች እጅ ከመስመር እንዳይወጣ ይመራሉ፤ ብዕሩ ቀለም አይነካም፤ ጽሑፉን ወረቀቱ ላይ የሚያትመው ካርቦን ነው።  ሆልማን ያለ ጸሐፊ እርዳታ የጉዞ ማስታወሻውን መዘገበበት።

በ1822 ዓለምን በሩሲያ በኩል ለመዞር ተነሣ። ሞስኮን አልፎ፣ ሳይቤሪያን አቋርጦ እስከ ኢርኩትስክ ዘለቀ። እዚያ ሲደርስ ሰላይ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፤ በዛሩ ትእዛዝም በክረምቱ ብርድ እስከ ፖላንድ ድንበር በአጃቢ ተመለሰ። ማየት የተሳነውን ሰው በስለላ መጠርጠራቸው፣ ሳያስቡት ችሎታውን እንደመመስከር ይቆጠራል።

ያልተሳካውን ዙር በ1827 እንደገና ጀምሮ አፍሪካን፣ ብራዚልን፣ ሲሎንን፣ ቻይናንና አውስትራሊያን አካልሎ በ1832 ተመለሰ። የጉዞው ታሪክ በአራት ቅጽ ታተመ። ቻርልስ ዳርዊንም ስለ ኮኮስ ደሴቶች ሲጽፍ የእሱን መረጃ ጠቅሷል።

ይሁንና ሳያይ ምን ሊያውቅ ይችላል የሚሉ አልጠፉም። የሆልማን መከራከሪያ ጠንካራ ነበር፦ የሚያይ ሰው በአንድ እይታ ረክቶ ያልፋል፤ እሱ ግን ስለማያይ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ያመሳክራል።

ሆልማን በ1857 በ70 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐርፎ በሃይጌት ተቀበረ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ጨርሶ ነበር። መጽሐፉ አልታተመም፤ ረቂቁም እስከ ዛሬ አልተገኘም።