ኤዱዋርድ ዛንደር፦ በሁለት ገዥዎች ዘመን የኖረ ስደተኛ ሠዓሊ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት አውሮፓውያን መካከል በታሪክ ጽሑፎች ጎልተው የሚታዩት ሚሲዮናውያን፣ መልእክተኞችና ተጓዦች ናቸው። በእጅ ሙያቸው የኖሩት ብዙ ጊዜ በግርጌ ይቀራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ጀርመናዊውን ሠዓሊ ኤዱዋርድ ዛንደርን ይመለከታል። የሕይወቱ ሂደት እንደሚያመለክተው፣ የስደተኛ ባለሙያን የሥራ ዕጣ የሚወስነው የሠለጠነበት ጥበብ ብቻ ሳይሆን ያስጠጋው ገዥ ፍላጎትም ነው።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1813 በጀርመን አንሃልት ተወለደ። በ1847 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይና በስሜን ገዥ በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ተቀመጠ። በዚያም የአገሩ ልጅና የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ዊልሄልም ሺምፐር ቀድሞት ይኖር ነበር። ዛንደር ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጅ ወለደ፤ ከዚያ በኋላም ኑሮው ከአገሩ ተወላጆች ኑሮ ጋር ተሳሰረ።

ውቤ በስሜን ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የዘመኑን የሥልጣን ምኞት የሚያንጸባርቅ ሕንጻ ነው። በግንባታው ሺምፐር መሳተፉ ይታወቃል፤ ዛንደርም በዚሁ የውቤ ባለሙያዎች ክበብ ውስጥ ነበር። ሆኖም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት ስፍራ የነገሡት ድል ያደረጓቸው ደጃዝማች ካሣ ናቸው። እርሳቸውም በየካቲት 1855 በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የገዥው መለወጥ የባለሙያውን ኑሮ ለወጠ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከአውሮፓውያን ከምንም በላይ የሚሹት የመንገድ፣ የሠረገላና የመድፍ ሥራ ነበር። በጋፋት የተሰባሰቡት የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ እስከ ማቅለጥ ደረሱ። የሠዓሊ ብሩሽ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የነበረው ቦታ ጠባብ ነው። ዛንደር በንጉሠ ነገሥቱ አገልግሎት እስከ መጨረሻው ቆየ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወረደ፤ በዚያው ዓመትም በምጽዋ አረፈ። ከሃያ ዓመት በላይ የተለያትን የትውልድ አገሩን ዳግመኛ አላያትም።

ልጁ ወለተ ኢየሱስ ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ የሆነውን ሞሪትዝ ሆልን አግብታ ነበር። ቤተሰቡ ከመቅደላ በኋላ ወደ ያፋ ተሻገረ፤ በአራተኛው ትውልድም እንግሊዛዊው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ዩስቲኖቭ ከዚሁ ሐረግ ተወለደ።

ከዛንደር ታሪክ ለጥናት የሚጠቅም አንድ ነጥብ ይገኛል። የዘመኑ ሕንጻዎች፣ ደረስጌም ትሁን በነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት፣ የሚታወሱት ከገዥዎች ስም ጋር ተያይዘው ነው። የግንበኛው፣ የአናጺውና የሠዓሊው ማንነት በጥያቄነት ካልተነሣ፣ የኪነ ሕንጻ ታሪካችን የገዥዎች ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።