የናይሮቢው ነጋዴ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ

አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. በካራቺ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። ካራቺ ዛሬ የፓኪስታን ወደብ ናት፤ በዚያን ዘመን ግን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ከነበረው ከሕንድ አገር ጋር ትቈጠር ነበር። ወላጆቹ ቦህራ ከሚባሉት እስላሞች ወገን ነበሩ። ቦህራዎች ከጥንት ጀምረው በንግድ የሚተዳደሩ፣ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ዐረብና ወደ አፍሪካ ጠረፍ መሻገርን የለመዱ ሰዎች ናቸው። ጂቫንጂ በትምህርት ቤት ብዙ የቈየ ሰው አልነበረም፤ ያሳደገው ንግድ ነው። በ1886 ዓ.ም. ወደ አውስትራልያ ተሻግሮ በአደላይድ ከተማ የምሥራቅ አገር ዕቃ እያስመጣ ሸጠ፤ ከአራት ዓመት በኋላም፣ በ1890 ዓ.ም.፣ በሞምባሳ ወደብ ወረደ።

በዚያን ጊዜ የሞምባሳን ጠረፍና ከበስተኋላው ያለውን አገር የሚያስተዳድረው ከእንግሊዝ መንግሥት በ1888 ዓ.ም. ፈቃድ የተቀበለ አንድ የንግድ ኩባንያ ነበረ። ኩባንያው አገር ለመግዛት ሥልጣን ነበረው እንጂ ሠራተኛም ዕቃም አልነበረውም። ጂቫንጂ ይህን ጕድለት ተመለከተ። ከሕንድ አገር ሠራተኛ አስመጣ፤ ስንቅና ዕቃ አቀረበ፤ ኩባንያው ደክሞ አገሩን በ1895 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ባስረከበ ጊዜም የጂቫንጂ ቤት ከአዲሶቹ ሹማምንት ጋር ሥራውን ቀጠለ።

ሀብቱን ያበዛለት ግን የምድር ባቡሩ ነው። የኡጋንዳ ምድር ባቡር የሚባለው ሐዲድ በ1896 ዓ.ም. ከሞምባሳ ተጀምሮ በ1901 ዓ.ም. መጨረሻ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ደረሰ፤ ርዝመቱም ከዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር ይበልጣል። ጂቫንጂ በዚህ ሥራ ከዋነኞቹ ተቋራጮች አንዱ ሆነ። ከሕንድ አገር ኩሊ መለመለ፤ ለሠራተኛው እህል አቀረበ፤ ድንጋይ አስጠረበ፤ አፈር አስሞላ፤ የጣቢያ ቤቶችንም ሠራ። ለዚህ ሐዲድ ከሕንድ የመጡት ሠራተኞች ሠላሳ ሁለት ሺሕ ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም ሁለት ሺሕ አምስት መቶ የሚሆኑት በበሽታና በአደጋ ሞቱ። በ1898 ዓ.ም. በጻቮ ወንዝ አጠገብ ሁለት አንበሶች ሠራተኛውን ከድንኳኑ እየጐተቱ ስለ በሉት ሥራው ለጥቂት ጊዜ መቆሙ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ነገር ግን ከአንበሳው ይልቅ ብዙ ሰው የጨረሰው ወባና ተቅማጥ ነው። የጂቫንጂ ሀብት ከዚሁ ሥራ የመነጨ ነውና፣ ስለ ቸርነቱ የሚተርክ ሁሉ ይህን ቍጥር ሊዘለው አይገባም።

ሐዲዱ በ1899 ዓ.ም. ከአንድ ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ። ማሳዮች ያን ስፍራ ስለ ወንዙ ቅዝቃዜ ቀዝቃዛ ውሃ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ከምፅዋ ሐሩር ተነሥቶ በባቡር ወደ አስመራ ደጋ የወጣ ነጋዴ የሞምባሳንና የናይሮቢን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል፤ ከታች ወደብ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ከተማ፣ በመካከል ሐዲድ። ናይሮቢ በመጀመሪያ የባቡር ሠራተኞች ሰፈርና የቈርቈሮ ሱቆች ጥርቅም እንጂ ከተማ አልነበረችም። በ1902 ዓ.ም. የወረርሽኝ በሽታ በገባ ጊዜ ሐኪሙ የሕንዶቹ ገበያ በሙሉ በእሳት እንዲቃጠል አዘዘ፤ ተቃጠለም።

ጂቫንጂ በዚህች ከተማ ቦታ ገዛ፤ ቤት ሠራ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም በኮንትራት አቆመ። ከተማው የሚገለገልበትን የገበያ አዳራሽ ሠራ፤ ገበያውም በስሙ ተጠራ። ይህ ሁሉ ግን ትርፍ ያለበት ሥራ ስለ ሆነ በነጋዴ ዘንድ የሚያስደንቅ አይደለም። ስሙን ከሌሎቹ ባለጠጎች ለይቶ ያቆየው፣ ትርፉ ለማይታይ ነገር ገንዘቡን ማውጣቱ ነው፤ ከዚህም ዐይነት ሥራዎቹ ሁለቱ ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃሉ፤ ጋዜጣውና የአትክልት ስፍራው።

ጋዜጣውን በሞምባሳ ያቋቋመው በ1902 ዓ.ም. ነው። ስሙ አፍሪካን ስታንዳርድ ይባል ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይወጣል፤ አዘጋጁም ጂቫንጂ የቀጠረው አንድ እንግሊዛዊ ነበረ። በአገሩ የመርከብ መግቢያና መውጫ፣ የዕቃ ዋጋና የመንግሥት ትእዛዝ ከአፍ ወደ አፍ ሲነገር ለሚኖር ነጋዴ የታተመ ወረቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ጋዜጣ ከሱቅ የሚለይበት ነገር አለ። ሱቅ ቢሸጥ ገዢው በሻጩ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት የለም። ጂቫንጂ በ1905 ዓ.ም. ጋዜጣውን ለሁለት እንግሊዛውያን ነጋዴዎች ሸጠ፤ እነርሱም ስሙን ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ ብለው ለወጡት። በ1910 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ተዛውሮ ዕለታዊ ጋዜጣ ሆነ፤ የነጮቹ ሰፋሪዎች አፍ ሆኖም ሕንዶች ከመሬትና ከምክር ቤት እንዲገለሉ የሚሟገቱትን ሰዎች አሳብ ለብዙ ዘመን አሰራጨ። መሥራቹ በገዛ እጁ ያቋቋመው ማተሚያ የወገኑን መብት ሲቃወም እያየ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

የአትክልት ስፍራው ነገር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ጂቫንጂ ጋዜጣውን በሸጠበት ዘመን በናይሮቢ መካከል ሁለት ሄክታር የሚያህል ቦታ ገዝቶ መናፈሻ አደረገው፤ በመካከሉም የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልት አቆመ። በ1906 ዓ.ም. የንግሥቲቱ ልጅ የኮኖት መስፍን ወደ ናይሮቢ መጥቶ ሐውልቱን መረቀ፤ መናፈሻውም ለከተማው ሕዝብ መዝናኛ ተሰጠ። አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ በአፍሪካ ምድር ለእንግሊዝ ንግሥት ሐውልት ማቆሙ ለዛሬ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ንግሥቲቱ በ1858 ዓ.ም. ባወጣችው ዐዋጅ የሕንድ ሕዝቦች ከሌሎቹ ዜጎቿ ሳይለዩ እንደሚታዩ ተስፋ ሰጥታ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት የሕንድ ነጋዴዎች ይህን ዐዋጅ እንደ ውል ይቈጥሩት ነበር። ስለዚህ ሐውልቱ ምስጋና ብቻ ሳይሆን ባለዕዳውን ውሉን እንደ ማሳሰብ ያለ ነገር ነበረው።

ውሉ ግን አልተጠበቀም። ከ1903 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥቱ ሹማምንት ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ የሚመጡ ነጮችን በደጋው ለም መሬት ላይ ማስፈር ጀምረው ነበር። በ1908 ዓ.ም. የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ኤልጊን የደጋው መሬት ለሕንዶች እንዳይሰጥ የወጣውን የአስተዳደር መመሪያ አጸና። በ1907 ዓ.ም. የተቋቋመውም የሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲከፈት ከአባሎቹ መካከል አንድም ሕንዳዊ አልነበረም። ከተማውን በድንጋይ የሠሩት፣ የመንግሥቱን ደመወዝተኛ የሚመግቡት ሰዎች ስለሚከፍሉት ቀረጥ የሚናገሩበት ስፍራ አልነበራቸውም።

ጂቫንጂ ከሞምባሳና ከናይሮቢ ነጋዴዎች ጋር ማኅበር አቁሞ አቤቱታ ማቅረብ ያዘ። መንግሥቱም በ1909 ዓ.ም. እርሱን በሹመት የምክር ቤቱ አባል አደረገው፤ በዚያ ወንበር ከነጭ ወገን ያልሆነ ሰው ሲቀመጥ እርሱ የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ድምፅ በብዙ ተቃዋሚ መካከል ምን ያደርጋል? ነገሩን ከመንገር በቀር ማስወሰን አልቻለም። የአገልግሎቱ ዘመን ሲያልቅ በስፍራው ሌላ ሕንዳዊ አልተተካም፤ ወንበሩም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ቀረ።

በ1910 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሄዶ የወገኑን በደል ለእንግሊዝ ጋዜጦችና ለፖለቲካ ሰዎች አስታወቀ። እዚያም ሳለ አንድ ከባድ ስሕተት ሠራ። የምሥራቅ አፍሪካ አገር ከሕንድ መንግሥት ጋር ቢቀላቀልና ሕንዶች በብዛት ቢሰፍሩበት አገሩ ሁለተኛ ሕንድ ይሆናል የሚል አሳብ በጋዜጣ ላይ ተናገረ። ሰፋሪዎቹ ይህን ቃል እንደ ውድ ዕቃ ያዙት፤ ሕንዶች አገሩን ሊወስዱት ይፈልጋሉ እያሉም ለዓመታት መለሱት። ነቀፌታው ከጠላት መምጣቱ ስሕተቱን ትክክል አያደርገውም። በናይሮቢ ረግረግ ከብታቸውን ያጠጡ የነበሩት ማሳዮችና ኮረብታውን ያርሱ የነበሩት ኪኩዩዎች አገራቸው የየትኛው መንግሥት ክፍል እንዲሆን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ስለ መብት መጓደል ሎንዶን ድረስ የተሻገረው ነጋዴም ይህን ጥያቄ አላነሣም።

ትግሉ ግን አልተቋረጠም። በ1913 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ፕሮፌሰር ሲምሰን የሚባል ሐኪም የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችን ተመልክቶ፣ በጤና ምክንያት ነጮች፣ ሕንዶችና አፍሪካውያን በተለያየ ሰፈር እንዲኖሩ መከረ። በሚከተለው ዓመት በ1914 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ የሕንዶች ብሔራዊ ጉባኤ በሞምባሳ ተሰበሰበ። ጂቫንጂና ሌላው ስመ ጥር ነጋዴ አሊዲና ቪስራም ከመሥራቾቹ ነበሩ። ቪስራም ከጠረፍ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ሱቅ የዘረጋ ባለጠጋ ሲሆን በ1916 ዓ.ም. ሞተ፤ ጂቫንጂ ግን ሥራውን ይዞ ቀጠለ። ጉባኤው በየከተማው በተናጠል የሚጮኸውን የነጋዴ ማኅበር ሁሉ በአንድ ስም አገናኘ፤ አቤቱታውም ከዚያ ወዲያ የአንድ ባለሱቅ ቅሬታ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄው ፍርድ ያገኘው በ1923 ዓ.ም. ነው። ጂቫንጂ በዚያ ዓመት የስድሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሳለ ለዚሁ ጕዳይ ወደ ሎንዶን ከተላኩት የሕንድ መልእክተኞች ጋር ሄደ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ የዴቮንሺር መስፍን ያወጣው መግለጫ ደጋው ለነጮች ብቻ እንዲጠበቅ አጸና፤ ሕንዶችና ነጮች በአንድ መዝገብ ይምረጡ የሚለውንም ልመና ከለከለ፤ በምክር ቤቱም ለነጮች አሥራ አንድ፣ ለሕንዶች አምስት ወንበር መደበ። ከተማው በሕግ በዘር ይከፈል የሚለው አሳብ ግን ተተወ። ከዚህም ጋር መግለጫው ኬንያ የአፍሪካውያን አገር ስለ ሆነች ከሁሉ በፊት የሚታየው የአፍሪካውያን ጥቅም ነው አለ። ሁለቱ ባላንጣዎች ይህን የሦስተኛውን ባለጕዳይ ስም በዚያ ወረቀት ላይ ያገኙት ሳይጠብቁት ነበር። ቃሉ በሥራ እስኪተረጐም ድረስ ግን ኬንያ እስከ 1963 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት።

ጂቫንጂ በግንቦት ወር 1936 ዓ.ም. በተወለደ በሰማንያ ዓመቱ በናይሮቢ ዐረፈ።

የተወው መናፈሻ ግን ከተማው እየከበረ በሄደ መጠን በነጋዴ ዐይን ይታይ ጀመር። በዙሪያው ፎቅ በዝቶ የመሬቱ ዋጋ ከፍ ስላለ፣ በ1991 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በቦታው ላይ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ እንዲሠራ አሰበ። የጂቫንጂ የልጅ ልጅ ዛሪና ፓቴል ተነሥታ፣ ቦታው ለሕዝብ የተሰጠ እንጂ የማንም ሸቀጥ አይደለም ስትል ተቃወመች፤ ብዙ የከተማው ሰው ስለ ደገፋት ሥራው ቀረ። ዛሪና ፓቴል በኋላ የአያቷን ታሪክ በመጽሐፍ ጻፈች። በ2015 ዓ.ም. ሰዎች የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልት ከመቆሚያው ገፍተው ራሱን ሰበሩት።

መናፈሻው ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሥራ ፈላጊዎች፣ ቸርቻሪዎችና ተማሪዎች ከዛፉ ጥላ ሥር እየተሰበሰቡ ስለ ግብር፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ሹማምንት አስተዳደር ይከራከሩበታል፤ ስብሰባውንም በስዋሂሊ ቋንቋ ቡንጌ ላ ምዋናንቺ ይሉታል፤ ትርጓሜው የተራው ዜጋ ምክር ቤት ማለት ነው። በዚህ ምክር ቤት ለመናገር ሹመት አያስፈልግም፤ አግዳሚው ላይ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ የዘገየ ቆሞ ይሰማል።