አውጉስት ሳንደርና የእጅ ባለሙያዎች ፊት

የአንድ ሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ የመሐንዲሱ ንድፍ፣ የወጪው መዝገብና የምረቃው ዕለት ፎቶግራፍ ይጠቀሳሉ። ጡቡን በትከሻው ያመላለሰው ሰው ፊት ግን ከመዝገቡ አይገኝም። ጀርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ አውጉስት ሳንደር አብዛኛውን ዕድሜውን የሰጠው ይህን የመሰለውን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ሳንደር በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሄርዶርፍ በምትባል የማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ የማዕድን ጉድጓድ አናጢ ነበር፤ ልጁም ትምህርቱን እንደ ፈጸመ በዚያው ማዕድን ሥራ ገባ። በዚያም ሳለ ለሥራ የመጣ ፎቶግራፍ አንሺ መንገድ እንዲመራ ታዘዘ። በካሜራው መስተዋት ላይ አገሩንና የሚንቀሳቀሰውን ደመና ባየ ጊዜ ሙያው ማረከው። አጎቱም ካሜራ እንዲገዛ ረዳው።

በ1901 ወደ ሊንዝ፣ ኦስትሪያ ሄዶ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቤቱ ባለቤት ሆነ። በዚያን ዘመን ይወደድ የነበረው ሥዕል የሚመስል የደበዘዘ ፎቶግራፍ ስለነበረ፣ ሳንደርም በዚሁ ዓይነት ሥራ ሽልማት አግኝቷል። ከ1910 ገደማ ጀምሮ ኮሎኝ ተቀምጦ በቬስተርቫልድ ገጠር የሚኖሩትን ገበሬዎች ማንሣት ሲጀምር ግን መንገዱ ተለወጠ። በ1920ዎቹ ዓመታት የኅብረተሰቡን ሁሉ መልክ በሰባት ክፍል የሚመዘግብ ታላቅ ሥራ ነደፈ። የመጀመሪያው ክፍል ለገበሬው፣ ሁለተኛው ለእጅ ባለሙያው የተመደበ ነበር።

የአሠራሩ ዘዴ ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ከ1925 ጀምሮ በኪስ የሚያዘው ላይካ ገበያ ላይ ቢውልም፣ ሳንደር በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚተከለውን ትልቁን ካሜራና የመስተዋት ፕሌቱን አልተወም። ጨርቅ ተከናንቦ፣ በመስተዋቱ ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል እያስተካከለ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ብርሃኑን ለጥቂት ሰከንዶች ያስገባ ነበር። በዚህ ምክንያት የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆም ግድ ይሆንበታል። እንዴት እንደሚቆምና መሣሪያውን እንዴት እንደሚይዝ ያስብበታል፤ ሳያውቅ የተነጠቀ ምስል አይደለም። ሳንደር ያነሣውንም የሚያትመው የቴክኒክ ፎቶግራፍ በሚታተምበት ለስላሳ ወረቀት ላይ ነበር። የቆዳ መጨማደድና የልብስ መጣፍ ሳይሸፈን ይታያል።

በ1928 ያነሣቸው ሁለት ፎቶግራፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። አንደኛው ነጭ ካፖርት ለብሶ ድስቱን የያዘ ኬክ ጋጋሪ ነው፤ ሁለተኛው በትከሻው ላይ ጡብ የተሸከመ የግንበኛ ረዳት ነው። ሁለቱም በካሜራው ፊት ቀጥ ብለው ይመለከታሉ፤ ርኅራኄም ሆነ ውዳሴ የሚለምኑ አይመስሉም።

ከሥራው 60 ፎቶግራፎች ተመርጠው በ1929 በመጽሐፍ ወጡ። ነገር ግን ሥራ ፈቱን ከባለሥልጣኑ ጋር እኩል ያሰለፈ መጽሐፍ የሰውን ልጅ በዘር ለሚያበላልጠው የናዚ አገዛዝ የሚመች አልነበረም። በ1936 የማተሚያ ፕሌቶቹ እንዲጠፉ፣ ያልተሸጡት ቅጂዎችም እንዲወረሱ ተደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1934 አገዛዙን ይቃወም የነበረው ልጁ ኤሪክ ታስሮ 10 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። የእስራት ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1944፣ ሕክምና ተነፍጎ በወኅኒ ቤት ሞተ። አባቱ ከልጁ ፊት የተቀረጸውን ጭምብል ፎቶግራፍ አንሥቶ በዚያው ታላቅ ሥራ ውስጥ አኖረው።

በጦርነቱ ጊዜ ሳንደር ከፕሌቶቹ ወደ 10,000 የሚሆኑትን ወደ ገጠር አሽሽቶ አዳነ። በኮሎኝ ምድር ቤት የቀሩት፣ ከ25,000 የማያንሱት፣ ከቦምቡ ቢተርፉም በ1946 በተነሣ እሳት ወደሙ። ሳንደር በ1964 ሲሞት ሥራው ገና በተሟላ መልክ አልታተመም ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው አለ፤ የምንጨምርበትም አለ። ሳንደር በብዙዎቹ ፎቶግራፎች ግርጌ የጻፈው የሰውዬውን ሙያ እንጂ ስሙን አልነበረም፤ ስለዚህ ፊቱ ሲተርፍ ስሙ ቀረ። በየሥራ ቦታችን ብየዳውን፣ ግንባታውንና አናጢነቱን የሚያከናውኑት ባለሙያዎች ከንድፋችን ጎን ሊቀመጡ ይገባቸዋል። ንድፍ ስንፈርም ስማችንን እንጽፋለን፤ ለእነርሱም ፊታቸው ከነስማቸው በመዝገብ ይቀመጥላቸው።