ጊታር መጫወት ሳይችል የጊታርን ዓለም የለወጠው ሊዮ ፌንደር

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የጊታር ክሮችን መቃኘትም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ለሌሎች የተወው ሥራ ነው። ሆኖም ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በካርቱምም ሆነ በሞቃዲሾ የቤዝ ጊታር ድምፅ በተሰማበት ሁሉ የዚህ ሰው አሻራ አለ።

በትምህርቱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በዝንባሌው የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በሁለት አስርት ዓመታት ውስጥ የሙዚቀኞችን መድረክ የለወጡ መሣሪያዎችን ሠራ። ከዚያም የምሞትበት ቀን ተቃርቧል ብሎ አምኖ ፋብሪካውንም ስሙንም ሸጠ።

ሞት ግን በቀጠሮው አልመጣም። ፌንደር ከሽያጩ በኋላ 26 ዓመታት ኖረ። ከእነዚህም ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፈው የራሱ ስም ከተጻፈባቸው ጊታሮች ጋር እየተፎካከረ ነው።

የብርቱካን ገበሬው ልጅ

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 10 ቀን 1909 በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ተወለደ። ወላጆቹ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል የብርቱካን እርሻ ነበራቸው።

ስምንት ዓመት ሲሞላው በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበት። ዓይኑ ወጥቶ በምትኩ የመስታወት ዓይን ተደረገለት። ይኸው ጉዳት ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከውትድርና ምልመላ ነፃ አድርጎታል።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው የአጎቱ ስጦታ ነው። አጎቱ ሳንታ ማሪያ በተባለች ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገኛ ነበራቸው። ለታዳጊው ሊዮ ያገለገሉ የሬዲዮ ክፍሎችና አንድ ባትሪ በካርቶን አድርገው ላኩለት። ሊዮ በኋላ ወደዚያው ሲሄድ አጎቱ ራሳቸው የገጣጠሙትን ሬዲዮ በሱቁ ደጃፍ ላይ አገኘው። ከድምፅ ማጉያው ይወጣ የነበረው ኃይለኛ ድምፅ ከልቡ አልጠፋም።

በኮሌጅ ያጠናው ግን የሒሳብ አያያዝን ነበር። በአንድ የበረዶ ማከፋፈያ ድርጅት፣ ቀጥሎም በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳናዎች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። በ1934 ኤስተር ክሎስኪን አገባ። የኢኮኖሚ ቀውሱ አሜሪካን ባደቀቀባቸው በእነዚያ ዓመታት ሥራውን አጣ።

በ1938 ፌንደር 600 ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ሬዲዮ፣ ሸክላ ማጫወቻና የድምፅ ማጉያ ይጠግናል፤ ለጭፈራ ምሽቶችም ማጉያ ያከራያል። ሙዚቀኞች የተበላሸ መሣሪያቸውን ተሸክመው ይመጡ ጀመር። ፌንደርም የሌሎች ሰዎች ሥራ የት ላይ እንደሚሰበር፣ የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ለጥገና እንደሚያስቸግር በየቀኑ ይመለከት ነበር።

ትልቁን ቤዝ የተካው ጊታር

ፌንደር ዶክ ካውፍማን ከተባለ ሙዚቀኛና የፈጠራ ሰው ጋር በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። ጭን ላይ ተጋድመው የሚደረደሩ የሐዋይ ጊታሮችንና ማጉያዎችን ይሠሩ ነበር። በ1946 ካውፍማን ሲለይ ፌንደር በራሱ ስም የሚጠራውን ኩባንያ መሠረተ።

በ1950 ከደረቅ እንጨት የተሠራ፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ቴሌካስተር የሚል ስም የተሰጠው ይህ ጊታር የጠጋኝ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ አይደለም፤ በብሎን የታሰረ ነው። ቢጎዳ በደቂቃዎች ውስጥ ተፈትቶ ሌላ ይገጠምለታል።

በ1951 ደግሞ ከሥራዎቹ ሁሉ ምናልባት ትልቁን ለውጥ ያመጣውን አወጣ። እስከዚያ ጊዜ የባንዱን ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ቆሞ የሚጫወቱት ግዙፉ ቤዝ ነበር። መሣሪያው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ለጉዞ አይመችም። ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ሲበረቱበትም ድምፁ ይዋጣል። በአንገቱ ላይ ምልክት ስለሌለው ትክክለኛውን ኖታ ማግኘት ረጅም ልምምድ ይጠይቃል።

ፌንደር ቤዙን አሳንሶ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል አደረገው። በአንገቱ ላይ የብረት ፍሬቶች ደረደረበት፤ ጣት ከፍሬቱ ጀርባ ካረፈ ድምፁ አይሳሳትም። ፕሪሲሽን የሚለው ስሙም ከዚሁ ትክክለኛነት የመጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወፍራሙን ድምፅ የሚችል ቤዝማን የተባለ ማጉያ አስከተለ።

ከቀዳሚዎቹ ተጫዋቾች አንዱ በሊዮኔል ሃምፕተን የጃዝ ባንድ ውስጥ የነበረው ሞንክ ሞንትጎመሪ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሣሪያው ባሕር ተሻገረ። በኬንያ የቤንጋ ሙዚቃ ያለ ኤሌክትሪክ ቤዝ የሚታሰብ አይደለም። በኢትዮጵያም የዋልያስና የሮሃ ባንዶች ሥራዎች የተገነቡት በቤዙ መሠረት ላይ ነው።

የሚንቀጠቀጠው ድምፅ

የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ሲያርገበግብ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። በሙዚቃው ዓለም ቪብራቶ የሚባለው ይህ ነው። የጊታር ሠሪዎች ይህንኑ በብረት መሣሪያ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። የፌንደር የቀድሞ ሸሪክ ካውፍማንም ከፌንደር ጋር ከመገናኘቱ በፊት በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር።

ፌንደርና ባልደረቦቹ ስትራቶካስተር ለተባለው ጊታር የነደፉት የመጀመሪያው መሣሪያ አልተሳካም። ድምፁ ቶሎ ይሞት ነበር። ፌንደር የተዘጋጀውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ጀመረ። ጊታሩ በ1954 የወጣው በአዲሱ ንድፍ ነው።

አሠራሩ የሚዛን ነው። የክሮቹ መቀመጫ በስድስት ብሎኖች ላይ ይወዛወዛል። ክሮቹ ከፊት ይስቡታል፣ በጊታሩ ጀርባ የተደበቁ ሞላዎች ደግሞ ከኋላ ይይዙታል። ተጫዋቹ ዘንጉን ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል። ሲለቀው ሞላዎቹ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ከሥሩ የተገጠመው ከባድ ብረት ድምፁ እንዲቆይ ያደርጋል።

ፌንደር ይህን መሣሪያ ትሬሞሎ ብሎ ሰየመው። ስያሜው ስሕተት ነበር። ትሬሞሎ የሚባለው የድምፁ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል እንጂ ቅኝቱ ሲለዋወጥ አይደለም። ይባስ ብሎ በማጉያዎቹ ላይ የነበረውን እውነተኛ ትሬሞሎ ቪብራቶ አለው። የጊታር ገበያ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን የተገላቢጦሽ ስያሜ ተሸክሞ ይኖራል።

ቪብራቶን ለወፍራም ድምፅ መስጠት የበለጠ ከባድ ነው። የቤዝ ክሮች ወፍራምና ከባድ ናቸው፤ ከተራ ጊታር ክሮች እጅግ በበለጠ ኃይል ይስባሉ። ስለዚህ ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል። ክሩ ሲላላ ከፍሬቶቹ ጋር ይጋጫል፤ ተመልሶም በቅኝቱ ላይ ላያርፍ ይችላል።

በ1961 የወጣው ቤዝ ሲክስ የፌንደር መልስ ነበር። ስድስት ክሮች አሉት፤ የሚቃኘውም ከተራው ጊታር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው። የአንገቱ ርዝመት ከፕሪሲሽን ያጠረ፣ ክሮቹም የቀጠኑ ስለነበሩ የቪብራቶ ዘንግ ሊሸከም ቻለ። አንድ ክር ቢበጠስ የሌሎቹ ቅኝት እንዳይናጋ የሚቆልፍ ቁልፍም ሊገጠምለት ቻለ። ጃክ ብሩስ በክሪም ባንድ የመጀመሪያ ዘመን፣ ቢትልሶችም በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጠቅመውበታል።

በባለ አራት ክሮቹ ፕሪሲሽንና ጃዝ ቤዝ ላይ ግን ፌንደር ዘንግ ሳይገጥም ቀረ። ያንን ድንበር የተሻገሩት ከእሱ በኋላ የመጡ ሠሪዎች ናቸው። ዛሬ በትዕዛዝ የሚሠሩ ውድ ቤዞች ካህለርን በመሰሉ ኩባንያዎች መሣሪያ ይንቀጠቀጣሉ። ሌስ ክሌይፑል ደግሞ በዚህ ዘንግ ስማቸው ከገነነ የቤዝ ተጫዋቾች አንዱ ነው።

ከመኪና ወደ ጊታር የመጣው ቀለም

የፌንደር የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች የእንጨቱን መልክ የሚያሳይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ወይም ከመሐል ወደ ጠርዝ እየጠቆረ የሚሄድ ቀለም ነበራቸው። ሌላ ቀለም የፈለገ ደንበኛ ማዘዝ ይችል ነበር። በ1950ዎቹ የወጡ የኩባንያው ካታሎጎች በዋጋው ላይ 5 በመቶ ተጨምሮ የፈለጉት ቀለም እንደሚቀባ ያስታውቁ ነበር።

ቀለሞቹ የተገኙት ከመኪና ኢንዱስትሪው ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ያመርተው የነበረው ቀለም በቶሎ ይደርቅ፣ ያብረቀርቅ፣ በየትኛውም የቀለም ሱቅም ይገኝ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው የቀለም ናሙና ሰንጠረዥ አሳተመ። ፊየስታ ሬድ ከፎርድ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ ከካዲላክ መኪኖች ጋር የተጋራው ቀለም ነው። በልዩ ቀለም በታዘዙ በርካታ ጃዝ ቤዞች ላይ የመቃኛዎቹ ማረፊያ ራሱ ከአካሉ ጋር እንዲመሳሰል ተቀብቷል።

ያ ዓይነቱ ቀለም ሕይወት ያለው ያህል ይለወጣል። በፀሐይና በጭስ ነጩ ወደ ቅቤ መልክ ይቀየራል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይጠጋል። የተጫዋቹ ክንድ ባረፈበት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ይወጣል። ያኔ በጥቂት ዶላር ጭማሪ የተገኘው ቀለም ዛሬ የአንድን አሮጌ ጊታር ዋጋ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ኩባንያውም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዳዲስ ጊታሮችን ሆን ብሎ አስረጅቶ በውድ ይሸጣል።

ሞትን ፈርቶ የሸጠው ስም

ፌንደር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሳይነስ ኢንፌክሽን ይሠቃይ ነበር። ሕመሙ ለዓመታት አልለቀው አለ። ፋብሪካው በየጊዜው እየሰፋ፣ ሠራተኛው በመቶዎች እየተቆጠረ ሲሄድ የባለቤቱ አቅም ግን እየደከመ ሄደ። ብዙም ዕድሜ እንዳልቀረው አመነ።

በጥር 1965 ኩባንያው ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሲቢኤስ ከወራት በፊት የኒውዮርክ ያንኪስን የቤዝቦል ቡድን አብላጫ ድርሻ ሲገዛ እንኳ ይህን ያህል አልከፈለም።

ከዚያ በኋላ ፌንደር ሐኪም ለወጠ። አዲሱ ሐኪም በከፍተኛ መጠን አንቲባዮቲክ ሰጠው። ለዓመታት ያንገላታው ሕመም ለቀቀው።

ጤናው ተመለሰ፤ ስሙ ግን የሌላ ንብረት ሆኗል። በውሉ መሠረት ለአሥር ዓመታት በተፎካካሪነት እንዳይሠራ ታግዷል። በእነዚያ ዓመታት የቀድሞ ፋብሪካው ብዙ አመረተ፤ ሆኖም ሙዚቀኞች ጥራቱ ወርዷል እያሉ ማማረር ጀመሩ። ከሽያጩ በፊት የተሠሩትን መፈለግ ልማድ ሆነ።

እስከ መጨረሻዋ ቀን

የእገዳው ዘመን ሲያበቃ ፌንደር ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ተመለሰ። በ1975 የሚዩዚክ ማን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ስቲንግሬይ ቤዝ በአካሉ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማስተካከያ ያለው በመሆኑ በገበያው አዲስ መንገድ ከፈተ።

በ1979 ባለቤቱ ኤስተር በሞት ተለየችው። በዚያው ዘመን ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ሌላ ኩባንያ መሠረተ። በ1980 ከፊሊስ ጋር ትዳር መሠረተ። ሰባኛ ዓመቱን አልፎም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ የሚወዛወዝ አዲስ የቪብራቶ መሣሪያ ነደፈ። ከ1954 ጀምሮ የያዘውን ጥያቄ አልተወውም ነበር።

በ1985 የቀድሞ ኩባንያውን ሥራ አስኪያጆችና ባለሀብቶች ከሲቢኤስ መልሰው ገዙት። ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ እንደገና እያንሰራራ ሳለ፣ ባለ ስሙ በዚያው በፉለርተን ከተማ በሌላ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የፓርኪንሰን ሕመም እጆቹን ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። ያም ሆኖ ወደ ሥራው መሄዱን አላቋረጠም። ሊዮ ፌንደር መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ። በዋዜማው ሥራ ላይ ነበር።

የጂ ኤንድ ኤል ሠራተኞች ክፍሉን አልነኩትም። የመሥሪያ ጠረጴዛውና መሣሪያዎቹ ባለቤታቸው በተዋቸው ቦታ ተጠብቀው ቆዩ።