አልፍሬድ ዌርነርና የጓደኛችን መድኃኒት

የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ ባለፈው ስንገናኝ አንዱ ወንድማችን ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጠን አስተውላችሁ ይሆናል። ስሙን አልጠራም። ካንሰር ይዞት በሲስፕላቲን ታክሞ ዳነ፤ መድኃኒቱ ግን መስሚያውን ጎዳበት። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ፣ አራት ኪሎ እንቅልፍ እያዳፋን የተማርነው አልፍሬድ ዌርነር ትዝ አለኝ።

ዌርነር እ.ኤ.አ. በ1866 አልዛስ ውስጥ፣ ሙሉዝ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ አገሩ ከፈረንሳይ ተወስዶ ለጀርመን ሆነ፤ እነሱ ቤት ግን ፈረንሳይኛው አልቀረም። ዙሪክ ሄዶ ሲማር ሒሳብና ጂኦሜትሪ አስቸገሩት፣ እንደ ብዙዎቻችን ማለት ነው። የሚገርመው፣ ኋላ ስሙን ያስጠራው ያው የቅርጽ ነገር ነው።

26 ዓመት ገደማ ሳለ አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ መጻፍ ጀመረ፤ በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሰ። ጽሑፉ በ1893 ታተመ። አንድ ፕላቲነም፣ ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን ያለው ውሁድ በሁለት ዓይነት ይገኝ ነበር። ለምን? አራት ሰዎች መሶብ ከበው ቢቀመጡ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ወይ ጎን ለጎን ወይ ፊት ለፊት ይሆናሉ፤ ሌላ መንገድ የለም። ዌርነርም በዚሁ ሒሳብ ፕላቲነሙ በጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ተከቧል ብሎ ደመደመ። ክሪስታልን በኤክስሬይ ማየት ገና አልተጀመረም ነበር'ኮ! ዓይነቶቹን ቆጥሮ ብቻ ነው ቅርጹን ያወቀው።

የኮፐንሃገኑ ዮርገንሰን ለዓመታት ተከራከረው። ዌርነር ግን ከተማሪዎቹ ጋር ውሁድ በውሁድ ላይ እየሠራ ማስረጃ ሰበሰበ፤ በ1907 ዮርገንሰንም ተቀበለ። በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ብዙ አልቆየም፤ ጤናው ታውኮ በ1919፣ በ52 ዓመቱ አረፈ።

መድኃኒቱን ሳያይ ነው የሞተው። በ1960ዎቹ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሮዘንበርግ የተባለ ሳይንቲስት በባክቴሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ሙከራ ሲያደርግ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው ረዘሙ። ያቆማቸው ከኤሌክትሮዱ የወጣ ፕላቲነም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የመጣው ሲስፕላቲን በ1978 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን ያሉበት ያ የድሮው ውሁድ ነው። ፊት ለፊት የሆኑበት ወንድሙ ካንሰር አያክምም። ልዩነቱ የመቀመጫ ብቻ ነው!

ሲስፕላቲን ሴል ውስጥ ገብቶ ክሎሪኖቹን ሲጥል፣ ፕላቲነሙ በተለቀቁት ሁለት እጆቹ ዲኤንኤን ጨምድዶ ይይዛል። ግን ዲኤንኤን ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲንም ያገኘዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች ፕሮቲንና መድኃኒቱን አብረው ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ ያዩታል። የእንቁላል ነጭ ውስጥ ባለው ላይሶዛይም ላይ፣ ፕላቲነሙ 15ኛ ቁጥር ላይ ያለውን ሂስቲዲን ይዞ ተገኝቷል። ይህን የሚያጠኑት መድኃኒቱ መንገድ ላይ የት የት እንደሚያዝ ለማወቅ ነው፤ እንደ ጓደኛችን ያለው ታካሚ ሳይጎዳ የሚድንበት መድኃኒት የሚሠራው ይህ ሲታወቅ ነውና።

ዌርነር በቁጥር የደረሰበትን እነሱ በዓይናቸው አዩት። እኛ ደግሞ ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ትምህርት ወንድማችንን መለሰልን።

ዘንድሮ ስንገናኝ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩት። አፋችሁን እያየ ሲሆን ይሰማል።